መርከብ ከባሕር ሳትወጣ ስለ መጠገን

ጥንት ኖኅ መርከቡን ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን እንደ መረገ በኦሪት ሲነበብ የሰማ ሰው ሁሉ፣ የመርከብ ሠሪ ጥበብ ዋና ነገሩ ውሃን በውጭ አስቀርቶ ሰውንና ንብረትን በውስጥ ማኖር መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ዛሬ በዓለም ባሕሮች ላይ የሚመላለሱት መርከቦች ውሃው ከሚደርስበት ልክ በታች ባለው ገላቸው ላይ ሆን ተብለው የተበሱ ቀዳዳዎች እንዳሏቸው ሲነገረው መደነቁ አይቀርም። ነገሩ ግን እውነት ነው። ሞተር ያላት መርከብ ሞተሯን የምታቀዘቅዝበትን ውሃ ከባሕሩ መሳብ አለባት፤ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ የሚወርድበት፣ ወለሉ የሚታጠብበት ውሃ የሚገባበት፣ ጥልቀት የሚለካውም መሣሪያ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ያስፈልጋታል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ክፈፍ ያለው የብረታ ብረት አንገት ይገባል፤ ክፈፉ ከውጭ በገላዋ ላይ ይለጠፋል፣ አንገቱ ከውስጥ በዳዶ ይጠብቃል፣ ከዳዶው በላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ይጠመዳል፣ በቫልቩም ጫፍ የጎማ ቱቦ ይታሰራል። ብዙ ሺህ ብር የወጣባት ጀልባ ከመስጠም የምትድነው እንግዲህ ከጭብጥ በማይበልጡ በእነዚህ ጥቂት የብረታ ብረት ቁራጮች ነው።

የዚህ አንገት ወይም የዚህ ቫልቭ መሰበር በየብስ ላይ ቢሆን ኖሮ የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ በሆነ ነበር። በባሕር ላይ ግን የሚጠገነው ዕቃ ራሱ ባሕሩን ከልክሎ የያዘ በር ስለ ሆነ፣ በሩን ለመለወጥ በሩን መክፈት ግድ ይሆናል። መርከቢቱን በክሬን አንሥቶ ወይም ወደ መጠገኛ ገንዳ አስገብቶ በደረቅ ቦታ መሥራት የተሻለ መሆኑን የሚክድ ባለሙያ የለም፤ ይሁን እንጂ ክሬን የሌለው ወደብ፣ ገንዳ የማይበቃት መርከብ፣ ጊዜም የማይሰጥ አደጋ ስላለ፣ የሰው ልጅ መርከቢቱ ተንሳፋ ሳለች የሚጠግንበትን ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ሲፈልግ ኖሯል። ዘዴዎቹ ብዙ ቢመስሉም ሲመረመሩ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የተሰበረውን ቦታ ከውሃ በላይ ወደ ሰው ማውጣት፣ ሰውን ወደ ተሰበረው ቦታ ማውረድ፣ ወይም ውሃውን ከቦታው በግድግዳ ማገድ ናቸው። የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ ግን አስቀድሞ የውሃውን ኃይል በቁጥር መመዘን ይገባል፤ ውሃ በአንድ በኩል ከሚያስፈራው ያነሰ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሚታየው የበለጠ ኃይል አለውና።

በ1644 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቀዳዳ የሚያልፍ ውሃ ፍጥነቱ፣ ከውሃው ገጽ እስከ ቀዳዳው ካለው ከፍታ ወድቆ የሚወርድ ነገር ከሚያገኘው ፍጥነት ጋር እኩል መሆኑን አስረዳ። በዚህ ሕግ ብንሄድ፣ ከባሕሩ ገጽ 90 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ቀዳዳ ውሃውን በሰከንድ 4.2 ሜትር ፍጥነት ያስገባዋል። ክብ ቀዳዳው ከዳር እስከ ዳር 5 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ውሃው በጠርዙ ሲያልፍ ስለሚቀጥን የስፋቱን ከመቶ 60 ያህል ብቻ ይሞላል ብለን ብናስብ እንኳ፣ በየሰከንዱ 5 ሊትር፣ በደቂቃ 300 ሊትር፣ በአንድ ሰዓትም 18 ቶን የሚሆን ባሕር ወደ ውስጥ ይገባል። በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ይዞ ከዚህ ጋር የሚታገል ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሌላውን ቁጥር ደግሞ እንመልከት። በዚያው በ90 ሳንቲሜትር ጥልቀት ባሕሩ በዚያው ቀዳዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ሲሰላ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር በመዳፍ ላይ ከሚያሳርፈው ክብደት ያነሰ ነው። እየጮኸና እየተረጨ የሚገባውን ያን ሁሉ ውሃ፣ ጎልማሳ ሰው በአንድ እጁ መዳፍ ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው፤ ፍጥነቱና ብዛቱ የሚያስፈራውን ያህል ግፊቱ ጽኑ አይደለም። ለመርከበኞች ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ እኔ የዚህን ያህል ነፍስ የሚያድን ዕውቀት አላውቅም፤ ቱቦው በጨለማ በፈነዳ ጊዜ ሰውን የሚያሸንፈው ከውሃው ይልቅ ድንጋጤው ነውና። እነሆ ስለዚህ ነው ጠንቃቃ መርከበኞች ከለስላሳ እንጨት በሾጣጣ ቅርጽ የተጠረበ ውታፍ የሚያዘጋጁት፤ ለስላሳ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥም ቀዳዳውን ይበልጥ ይደፍነዋል።

ውታፉ ከውስጥም ከውጭም ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከውስጥ የገባውን ውታፍ ባሕሩ ዘወትር ወደ ውስጥ ሊተፋው ይገፋዋል፤ ከውጭ የገባውን ግን ያው ባሕር ራሱ እየገፋ ያጠብቀዋል። የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1770 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሌሊት ኤንደቨር የተባለችው መርከቡ በአውስትራልያ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከኮራል አለት ጋር በተጋጨች ጊዜ የዳነው ይህን ሕግ በተግባር በሚያውቅ አንድ ወጣት ነው። መድፎችንና ሌላውን ከባድ ዕቃ ወደ ባሕር ጥለው መርከቢቱን ከአለቱ ካላቀቁ በኋላ፣ ጆናታን መንክሃውስ የተባለው ይህ ወጣት ቀድሞ በሌላ መርከብ ሲደረግ ያየውን አስታውሶ፣ በአሮጌ ሸራ ላይ የተበጣጠሰ ቃጫና የበግ ጠጉር ከፋንድያ ጋር አስለጥፎ ሸራውን በመርከቢቱ ሆድ ሥር በገመድ አሳለፈው፤ ሊገባ ይሮጥ የነበረው ውሃም ቃጫውንና ጠጉሩን ስቦ በስንጥቁ ውስጥ ወተፈው። መርከቢቱ ወደ ወንዝ አፍ ገብታ በዳርቻው ላይ ዘንበል ብላ በተመረመረች ጊዜ፣ ተሰብሮ በቀዳዳው ውስጥ የቀረ የአለት ቁራጭም ራሱ ውታፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም አስቀድሞ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲጓዝ በማዕበል የተያዙት መርከበኞች የመርከቢቱን ገላ ከሥር በገመድ እንዳስታጠቋት በሐዋርያት ሥራ ተጽፏልና፣ በሥራ ላይ ያለችን መርከብ ከውጭ መደገፍ የቆየ ጥበብ ነው።

ወደ መጀመሪያው ዘዴ እንመለስ፤ የተሰበረውን ቦታ ከውሃ በላይ ማውጣት ማለት መርከቢቱን በአንድ ጎኗ ማዘንበል ማለት ነው። የመርከብ ክብደት በአንድ ማእከል ወደ ታች ይስባል፤ የውሃው ተሸካሚነት ደግሞ በጠለቀው ክፍሏ ማእከል ወደ ላይ ይገፋል፤ መርከቢቱ ስትዘነብል የጠለቀው ክፍል ቅርጹ ስለሚለወጥ የሚገፋው ማእከል ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሄድና ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር በ1746 ዓ.ም. ይህን ሕግ በሒሳብ ተንትኖ አሳትሞታል። ሕጉ የሚጸናው ግን በዝቅተኛው ጎን ውሃ የሚገባበት መስኮት ከባሕሩ ገጽ በላይ እስካለ ድረስ ነው። ውሃ አንዴ ከገባ ወደ ዘነበለው ጎን ይሮጣል፤ እየሮጠም ክብደቱን ይዞ ስለሚሄድ መርከቢቱን የበለጠ ያዘነብላታል፤ የበለጠ በዘነበለች ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይገባባታል። በሰፊ ወለል ላይ የተንጣለለ የአንድ ስንዝር ውሃ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከታቆረ ጥልቅ ውሃ ይልቅ የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው። አስቀድሜ ውሃ ከሚታየው የበለጠ ኃይል አለው ያልሁት ይህን ነው።

ይህ እውነት በ1782 ዓ.ም. ነሐሴ 29 ቀን በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ አጠገብ፣ ስፒትሄድ በተባለው የመርከቦች ማረፊያ፣ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታ ተገለጠ። ሮያል ጆርጅ 100 መድፍ የምትሸከም፣ በ1756 ዓ.ም. ባሕር ላይ የወረደች፣ በመንግሥቱ የባሕር ኃይል ከታወቁት ታላላቅ መርከቦች አንዲቱ ነበረች። መልሕቋን ጥላ ለጉዞ በምትሰናዳበት በዚያ ጥዋት፣ ወለል የሚታጠብበትን ውሃ የሚስበው ቧንቧ እንዲጠገን ታዘዘ፤ ቧንቧው በቀኝ ጎኗ ከውሃው ገጽ አንድ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ላይ ይገኝ ነበር። ወደ ገንዳ ማስገባት ጊዜ የሚፈጅ ሆኖ ስለ ታየ፣ የግራ ጎን መድፎች በመስኮቶቻቸው እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ እንዲገፉ፣ የቀኝ ጎኖቹም ወደ መካከል እንዲሳቡ ተደረገና መርከቢቱ ወደ ግራ ዘነበለች፤ ቧንቧውም ታየ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ስለ ነበረ አደጋ ይመጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ባሎቻቸውንና አባቶቻቸውን ሊሰናበቱ የመጡ ሴቶችና ሕፃናት፣ ሸቀጥ ይዘው የወጡ ነጋዴዎችም በየወለሉ ሞልተው ነበር።

በዚህ መካከል ሩም የተባለ መጠጥ በርሜል የጫነች ጀልባ መጥታ በዝቅተኛው በግራው ጎን ተጠጋች፤ በርሜሎቹን ለመቀበል ሰው በዚያው ጎን ተሰበሰበ፤ በርሜሎቹም በዚያው ጎን ተቀመጡ። የታችኛው ወለል የመድፍ መስኮቶች ክፍት ነበሩና፣ ትንንሽ ሞገዶች በመስኮቶቹ ደፍ ላይ እየዘለሉ ይገቡ ጀመር። የመርከቢቱ አናጢ ይህን አይቶ ወደ ተረኛው መኮንን ወጥቶ መርከቢቱ እንድትቃና ቢለምን መኮንኑ አልሰማውም፤ ዳግመኛም ቢመጣ በቁጣ መለሰው። በመጨረሻ ሰዎቹ መድፎቹን እንዲመልሱ ከበሮ ሲመታ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ሮያል ጆርጅ በጎኗ ወድቃ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በባንዲራ ምልክት የመነጋገርን ሥርዓት ለባሕር ኃይሉ በማሻሻል ስሙ የተጠራው አድሚራል ሪቻርድ ኬምፐንፌልትም ከእነርሱ ጋር ጠፋ። የተረፈው አዛዥ ማርቲን ዋግሆርን ለጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ተለቀቀ፤ ፍርድ ቤቱም ጥፋቱን ሁሉ በመርከቢቱ እንጨት መበስበስ ላይ አሳረፈው። እንጨቷ የበሰበሰ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ደፉን እየዘለለ በታችኛው ወለል የተጠራቀመው ውሃና በዘነበለው ጎን የተከማቸው ሸክም ብቻቸውን ለመገልበጧ የሚበቁ ይመስለኛል፤ የአናጢውንም ቃል የናቀው ሰው ጥፋት በበሰበሰ እንጨት ሊሸፈን አይገባውም ነበር።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ሁለተኛው ዘዴ፣ ማለት ሰውን ወደ ተሰበረው ቦታ ማውረድ፣ ካደገባቸው ስፍራዎች አንዱ የዚችው መርከብ መቃብር መሆኑ ነው። ቻርልስና ጆን ዲን የተባሉ ወንድማማቾች ከላይ በፓምፕ አየር የሚገባበት የራስ ቁር ሠርተው፣ ከ1834 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሮያል ጆርጅ ስብርባሪ እየወረዱ መድፎቿን ያወጡ ነበር። ከዚያም ከ1839 እስከ 1843 ዓ.ም. ኮሎኔል ቻርልስ ፓዝሊ የመርከብ መተላለፊያውን የዘጋውን ስብርባሪ በባሩድ ሲያፈርስ፣ ወታደሮቹ ገላን ሁሉ የሚሸፍን የጠላቂ ልብስ ለብሰው ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲሠሩ አደረገ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ጠላቂ ያለ ጓደኛ አይውረድ የሚባለውም ሥርዓት ከዚያ ሥራ ጋር ይያያዛል። በእኒያ ጠላቂዎች ዘመን ቢሆን ኖሮ፣ ለዚያች ትንሽ ቧንቧ ስትባል 100 መድፍ ያላት መርከብ ባልዘነበለች ነበር።

ሦስተኛው ዘዴ፣ ማለት ውሃውን በግድግዳ ማገድ፣ ለታላላቅ ስብራት የተጠበቀ ነው። 211 ሜትር ርዝመት የነበራት ግሬት ኢስተርን የተባለች መርከብ በ1862 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ወደ ኒውዮርክ ስትቃረብ ባልታወቀ አለት ላይ ተላትማ፣ 25 ሜትር ያህል ርዝመትና ወደ 2.7 ሜትር ስፋት ያለው ቁስል በሥሯ ተከፈተ። ገላዋ ድርብ ስለ ነበረ አልሰጠመችም፤ ነገር ግን እርሷን የሚያስገባ ገንዳ በዚያ አገር አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሬንዊክ የተባሉ ወንድማማች መሐንዲሶች ልኩ ከመርከቢቱ ሆድ ቅርጽ ጋር የተስማማ ታላቅ የእንጨት ሣጥን አሠርተው ከሥሯ በሰንሰለት አሰሩት፤ ውሃውን በፓምፕ ሲያወጡት ባሕሩ ራሱ ሣጥኑን በገላዋ ላይ አጥብቆ ያዘው፤ ሠራተኞቹም በሣጥኑ ውስጥ በደረቅ ቦታ ቆመው አዲሱን ብረት በሚስማር ጠረቁት። ኩክን ያዳነው ሕግ እዚህም በሥራ ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ በዘመናችን በአንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን እንይ። የሥራው አብላጫ ክፍል ውሃው ሳይነካ የሚፈጸም ነው። አዲሱ አንገት፣ ዳዶውና ቫልቩ በየብስ ላይ እርስ በርሳቸው ተገጥመው ይፈተናሉ፤ የአንገቱ ጥርስ ቀጥ ያለ፣ የቫልቩ ደግሞ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ቢሆን፣ ሁለቱ የሚነካከሱት በጥቂት ዙር ብቻ ስለ ሆነ ሲጠብቁ የጸኑ መስለው ኋላ ላይ በአንድ ምት ይላቀቃሉና። የገላዋ ውፍረት ይለካል፤ አንገቱ በልኩ በሴጌቶ ይቆረጣል። ጀልባዋ ማዕበል በማይደርስበት ቦታ፣ ቢቻል ክሬን በሚደርስበት አጠገብ ትታሰራለች፤ ፓምፖቹ ይሞከራሉ፤ መሣሪያው ሁሉ እጅ በሚደርስበት በቅደም ተከተል ይደረደራል። የማዘንበልም ዘዴ ለትንሽ ጀልባ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም፤ ቀዳዳው ለውሃው ገጽ ቅርብ ከሆነ፣ መስኮቶቿ ሁሉ ተዘግተው፣ ጥቂት ሸክም ወደ ሌላው ጎን በመውሰድ ቦታውን ብቅ ማድረግ ይቻላል።

የተሰበረው ቫልቩ ብቻ ከሆነና አንገቱ ደኅና ከሆነ፣ ጠላቂው ከውጭ ውታፉን ያገባል፤ በውስጥ ያለው ሠራተኛም አሮጌውን ቫልቭ ፈትቶ አዲሱን ያስገባል። እዚህ ላይ የሚያሰጋው የውሃው መግባት ሳይሆን፣ ለረጅም ዘመን የነከሰው ቫልቭ ሲታገሉት አንገቱን ይዞ መዞሩ ነው፤ አንገቱ ከዞረ በክፈፉ ሥር ያለው ማጣበቂያ ይቀደዳልና፣ ጠላቂው በአንገቱ ውስጥ ያሉትን ጥንድ ጉጦች በልዩ መፍቻ ከውጭ መያዝ ይኖርበታል። ይህን ለማድረግ ውታፉ መውጣት አለበትና፣ ሁለቱ በግድግዳው ላይ በመምታት ምልክት ይሰጣጣሉ።

አንገቱም ራሱ የሚለወጥ ከሆነ ግን ቀዳዳው ለጥቂት ሰከንዶች ፈጽሞ መከፈቱ ግድ ነው። በውስጥ ያለው ሰው ጫፉ ተንሳፋፊ ነገር የታሰረበትን ገመድ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይሰድዳል፤ ጠላቂው ገመዱን ይዞ በአዲሱ አንገት ውስጥ ያሳልፈዋል፤ አንገቱም ጫፉ ተወትፎ፣ ክፈፉ በውሃ ውስጥ የሚደርቅ የኤፖክሲ ማጣበቂያ ተቀብቶ በገመዱ እየተመራ ወደ ቀዳዳው ይመጣል። ከውስጥ ሲሳብ ከውጭ ሲገፋ ይገባል፤ ዳዶው ወዲያው ይዞራል። የቶሪቼሊን ሕግ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ይህ ሁሉ አሥር ሰከንድ ቢወስድ የሚገባው ውሃ 50 ሊትር ያህል መሆኑን ራሱ ሊያሰላው ይችላል፤ ይህም አንድ ፓምፕ በጥቂት ደቂቃ የሚያወጣው ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ቦታው ተጠርጎ ደረቅ ወረቀት ይደረግበታል፤ በማግሥቱ ወረቀቱ ከረጠበ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

እንግዲህ ይህ ብረታ ብረት ስለ ምን ይሰበራል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከገበያ የሚጀምር ነው። ለቤት ቧንቧ የሚሠራው ተራ ናስ ከመቶ 60 ያህሉ መዳብ፣ 40 ያህሉ ዚንክ ነው፤ በጨው ውሃ ውስጥ ሲኖር ዚንኩ ቀስ በቀስ እየሟሟ ይሄዳል፤ የሚቀረው መዳብ ቅርጹን እንደ ጠበቀ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ስፖንጅ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው፤ በመፍቻ ሲነኩት ይፈረፈራል። ለባሕር የሚገባው ነሐስ ግን ከመቶ 85 መዳብ ሲሆን ቆርቆሮ፣ እርሳስና ዚንክ አምስት አምስት እጅ ይገቡበታል፤ ጥቂት አርሴኒክ ተጨምሮበት ዚንኩ እንዳይሟሟ የተደረገ የናስ ዓይነትም አለ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 ዓ.ም. የመርከብን የመዳብ ልባስ ከዝገት ለማዳን ትንሽ ዚንክ ወይም ብረት ቢነካበት፣ ባሕሩ መዳቡን ትቶ ያንን እንደሚበላ አሳይቷል፤ የእርሱ ዘዴ በመርከቦች ላይ ሲሞከር መዳቡ በእውነት ዳነ፣ ነገር ግን መሟሟቱን ያቆመው መዳብ የባሕር ሣርንና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትን መመረዝ ስለ ተወ፣ መርከቦቹ በእነርሱ ተሸፍነው ፍጥነታቸው ቀነሰና የባሕር ኃይሉ ትቶት ነበር። ዛሬ ግን ስለ ሌላው መሥዋዕት ሆኖ የሚበላ የዚንክ ቁራጭ የሌላት መርከብ ጥቂት ናት።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእነዚህ ዕቃዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ዕቃው ለአምስት ዓመት ጉድለት ሳያሳይ ካገለገለ ዝገትን ይቋቋማል ብሎ ይቆጥረው ነበር፤ ብዙ ጀልባዎች ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይኖራሉ። በእኔ ፍርድ ይህ መስፈርት ሰውን በባሕር ላይ ለሚያኖር ነገር የማይበቃ ነበር፤ የአሜሪካ የጀልባ ሠሪዎች ምክር ቤት ቫልቩ ተገጥሞ ሳለ የ227 ኪሎ ግራም ሸክም ለ30 ሰከንድ መቻል አለበት ማለቱ የተሻለ አስተዋይነት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ሠልጥናችሁ በታላላቅ መርከቦች የሞተር ክፍል የምታገለግሉ ወገኖቼ፣ ባሕር ማዶም ኖራችሁ የራሳችሁ ትንሽ ጀልባ ያላችሁ ሁሉ፣ ስለ እያንዳንዱ ቫልቭ ከምን እንደ ተሠራ ጠይቁ፤ በየወሩ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ሮዝ ቀለም ያያችሁበትን ናስ መርከቢቱ ለጥገና ወደ የብስ በወጣች ጊዜ ሳይሰበር ለውጡት፤ ከጎኑም ልኩ የተፈተነ የእንጨት ውታፍ በገመድ እሰሩ።